ልጄ፣ ለማን ነገርክ?

ቲያትር ቤቱ ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም «እማዬ» እያለ ነው የሚጠራት። ወልዳ አታውቅም። ገና በወጣትነቷ አንዲት ተዋናይት ታመመችና የእናትነቱን ልብስ ለአንድ ቀን ብለው አለበሷት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወልቅላት ጠፋ። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ስትራመድ ባዶ እጇንም ቢሆን ከባድ ነገር የተሸከመች ትመስላለች። መድረክ ላይ ያለቀሰችላቸው ልጆች ቢሰበሰቡ አንድ ሰፈር ይሞላሉ። ከመድረክ ውጭ ያላት አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነበር፤ የእሱን ሬሳ እንኳ የሚሰጣት አላገኘችም።

ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ብርድ ልብስ፣ ቃለ ተውኔት እያስጠናት አደገ። እሷ እናት ስትሆን እሱ የቀረውን ሰው ሁሉ ይሆንላታል፤ ባል ይሆናል፣ ዳኛ ይሆናል፣ ወታደር ይሆናል፣ አንዳንዴም በር ይሆናል። «በሩን ቀስ ብለህ ክፈተው እንጂ» ስትለው «እኔ ዝገት ያለብኝ በር ነኝ፣ እታለም» እያለ ይንቋቋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያድግ ምን ይሆናል? ተውኔት ጻፈ።

ተውኔቱ «ሰገነት» ይባላል። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ቤት ውስጥ አባት ፎቅ ላይ ይኖራል፤ እናትና ሦስት ወንዶች ልጆች ታች ይኖራሉ። አባትን ያየው የለም። በመሃል ቁልፍ ያዥ የሚሉት ሰው አለ፤ ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ «አባታችሁ እንዲህ ብሏል» ይላል፤ እነሱም አሜን ይላሉ። ዳቦው ሲያንስ አባት ብሏል፤ መስኮቱ ሲታሸግ አባት ብሏል። አንድ ቀን ትንሹ ልጅ «ወጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ» ይላል። ሊወጣ ባሰበበት ቀን ቁልፍ ያዡ ደረጃው ሥር ጠብቆ ይወስደዋል። ከወንድሞቹ አንዱ ነግሮበታል።

ሃይማኖተኛ ሰው ሲያየው፣ አባት ፈጣሪ ነው፤ ቁልፍ ያዡ በስሙ የሚነግድ አገልጋይ ነው። ፖለቲካ የሚወድ ሲያየው፣ አባት መሪው ነው፤ ቁልፍ ያዡ ካድሬው ነው። ወንድሟ ሲጠየቅ ግን፣ «ቤት ነዋ! ደረጃ ያለው ቤት» ብሎ ይስቅ ነበር።

ያኔ ችግሩ መጻፉ አልነበረም፤ ማሳለፉ ነበር። ማንኛውም ተውኔት መድረክ ሳይወጣ የሳንሱር ቢሮ ገብቶ ይነበባል። ስለዚህ ወንድሟ የመጨረሻውን ትዕይንት ሁለት አድርጎ ሠራው፤ አንዱን በወረቀት፣ አንዱን በአፍ።

በወረቀቱ ላይ፣ ትንሹ ልጅ ከጠፋ በኋላ እናት መካከለኛውን ልጇን «ልጄ፣ በልተሃል?» ትለዋለች። እሱም «ወንድሜ ሳይመጣ እንዴት ይበላልኛል፣ እናቴ?» ብሎ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ከላይ መብራት ይበራል፤ አባት ደረጃውን ይወርዳል፤ ትንሹን ልጅ እጁን ይዞ ለእናቱ ይመልስላታል። መጋረጃ ይዘጋል። ቢሮው አነበበና ደስ አለው። የሃይማኖት አባቶችም አነበቡና ደስ አላቸው። ማኅተም ተመታ።

በአፍ የተጠናው ሌላ ነበር። እናት «ልጄ፣ ለማን ነገርክ?» ትላለች። መካከለኛው ልጅ ዓይኗን እያየ ይመልሳል፦ «ለቁልፍ ያዡ ነገርኩት፣ እናቴ። ወንድሜ ሊወጣ ነው አልኩት። አልመታኝም፤ አላስፈራራኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጥ አለኝ። በዚህ ቤት ውስጥ ተቀመጥ ተብዬ አላውቅም ነበር።» አባት አይወርድም። መብራትም አይበራም። እናት የትንሹን ልጅ ሳህን አንስታ ገበታው ላይ ትደፋዋለች። መጋረጃ ይዘጋል።

ተዋናዮቹ የወረቀቱን «የቢሮው»፣ የአፉን «የቤቱ» ብለው ይጠሩታል። የትኛው እንደሚሠራ የምትወስነው እማዬ ነበረች። መጋረጃው ላይ የሆነ ሰው ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። ትርኢት ሳይጀመር አንድ ዓይኗን እዚያ ላይ ትለጥፋለች። ከቢሮ የሚላከው ሰውዬ ቦታው ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ ነው፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ ወደ መተላለፊያው ይዘረጋዋል። እግሩ ካለ የቢሮው ይሠራል፤ ከሌለ የቤቱ።

«እማዬ፣ እግር አለ?» ይሏታል ሦስቱ ልጆች፣ ፊታቸውን እየተቀቡ።

«ሂዱና ሥራችሁን ሥሩ።»

አትነግራቸውም። መንገር አያስፈልጋትም። ትዕይንቱ ሲደርስ የምትጠይቀው ጥያቄ ራሱ ምልክት ነው፤ «በልተሃል» ካለች በአንዱ መንገድ ይሄዳሉ፣ «ለማን ነገርክ» ካለች በሌላው። ወንድሟ ይህን ሲያስለምዳቸው ርኅራኄ አልነበረውም። እየበሉ ሳለ ይጠይቃቸዋል፤ ሲላጩ ይጠይቃቸዋል፤ መንገድ ሲሻገሩ ከኋላ ደርሶ ይጠይቃቸዋል። «ካሰባችሁ አለቀላችሁ» ይላቸዋል። «ጭንቅላታችሁን ቤት ተዉት። ጥያቄው ሲመጣ መልሱ ከምላሳችሁ ላይ ይውደቅ።» ከሁሉ ይበልጥ የለፋው መካከለኛውን ልጅ በሚጫወተው ጓደኛው ላይ ነበር። ያ ሰው ሲጀምር አፉ የሚተሳሰር፣ ዓይን አፋር ሰው ነበር። ወንድሟ ታግሶ ታግሶ አንደበቱን ፈታለት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሁሉ ቀርቶ «መካከለኛው» ተባለ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

የቀዳዳዋን ነገር የሚያውቁት አራቱ «የቤት ልጆች» ብቻ ነበሩ፦ እማዬ፣ ትንሹን ልጅ ራሱ የሚጫወተው ወንድሟ፣ ታላቁን የሚጫወተው ሰው፣ እና መካከለኛው።

አንድ ቀን በቀዳዳዋ አየች። እግር የለም። ትዕይንቱ ሲደርስ «ልጄ፣ ለማን ነገርክ?» አለች። መካከለኛው መለሰ። ሳህኑን ደፋች። የሚያጨበጭብ አልነበረም። መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ቀና ብትል፣ የመብራት ሠራተኛው ከሚወጣበት መሰላል ላይ አንድ ረጅም እግር ወደ ታች እርከኑን ሲፈልግ አየች። ሰውዬው ትርኢቱን በሙሉ እዚያ ላይ፣ ከመብራቱ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ኮቱን አቧራ አልብሶታል። ያን ቀን አባት አልወረደም፤ እሱ ወረደ።

ወንድሟንና ታላቁን ከልብስ መቀየሪያ ክፍል ወሰዷቸው። ወንድሟ የሄደው በመድረክ ጫማው ነው፤ ሶሉ ካርቶን ነበር። የራሱ ጫማ አግዳሚው ወንበር ሥር ቀረ፤ ካልሲው ውስጡ እንደተጠቀለለ። «እታለም፣ ሳህኗን ደህና አድርገሽ ነው የደፋሻት» አላት፣ ሲያልፍ። የመጨረሻው ቃሉ ይኸው ነው። እህት ለወንድሟ የመጨረሻ ቃል ሌላ ነገር ትመኛለች፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ስለ ሥራው ነበር የሚያወራው። ታላቁ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመለሰ፤ የማይናገር ሰው ሆኖ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እሷን ሴት ናት ብለው ተዉአት። መካከለኛውም አልተወሰደም። ወሩ ሳያልቅ «ምክትል ሥራ አስኪያጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት በርና፣ ከበሩ ጀርባ የሚሽከረከር ወንበር ተሰጠው።

የቀዳዳዋን ነገር ለዚያ ሰውዬ ማን ነገረው? እማዬ በጣቷ ቆጠረች። ከአራቱ አንዱ የጠፋ፣ አንዱ የሞተ፣ አንዷ ራሷ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን የዚያ ተረት የመጀመሪያው ግማሽ ነው። በእርግጥ የወጋ ይረሳል? ይህ ሰው ጧት ሲነሳ ፊቱን ሲታጠብ፣ በእርግጥ ረስቶት ነው የሚታጠበው? ከአፉ መስማት ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ካሣም ፍርድም አይደለም። አንድ ጊዜ ከገዛ አፉ ብትሰማ ይበቃት ነበር። ግን ማን ይጠይቀዋል? እሷ የእሱ ደመወዝተኛ ናት፤ እሱ «እማዬ» ይላታል።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ወደቀ፤ ሌላ መጣ። መካከለኛው፣ አሁን ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ፎቶግራፍ አውርዶ ሌላ ሰቀለ፤ ሚስማሩ ያው ነው። እሱም ወፍሯል፤ ጉንጩ ሞልቷል፣ ድምፁ ሰፍቷል። አንድ ጧት ሁሉንም ሰብስቦ «ሰገነት»ን መልሰን እናሳያለን አለ። «የጀግናው ወንድማችን መታሰቢያ ነው። ያለፈው ሥርዓት የበላው ልጅ ነው። እኔም በድሮው ቦታዬ እጫወታለሁ፤ እማዬም በድሮው ቦታዋ።» ሰው አጨበጨበ። አንዳንዱም አለቀሰ።

የተገኘው ጽሑፍ ማኅተም ያለበት የቢሮው ቅጂ ነው። ሌላ የለም፤ የቤቱን የሚያስታውስ የድሮ ሰውም ከሁለቱ በቀር አልቀረም።

«ይኼ እኮ ወንድሜ ለማሳለፊያ የጻፈው ነው» አለች እማዬ፣ የመጀመሪያው የንባብ ቀን። ወንበሮቹ ክብ ተደርድረዋል፤ አዲሱ አዘጋጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እርሳስ ያኝካል። «እውነተኛው መጨረሻ ሌላ ነው። አባት አይወርድም። መካከለኛው ነው የነገረው።»

«ምን ነገረ?» አለ አዘጋጁ።

«ወንድሙን። ወንድሙን ነገረበት።»

አዘጋጁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። መካከለኛው ብዕሩን ከፈተና መልሶ ከደነው።

«እማዬ፣ እኔኮ ነኝ የተጫወትኩት» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ ቢሆን አስታውሰው አልነበር?»

«አንተን ነው የምጠይቅህ እኔም።»

«ሐዘን ነው እንዲህ የሚያደርግሽ፣ እናቴ። ሰው ሲያዝን ያልነበረውን ያያል።»

«ወረቀት ካለ እናየዋለን እሺ፣ እማዬ?» አለ አዘጋጁ። «ከሌለ ግን የሰውን ሥራ በወሬ መቀየር ለሟችም ደስ አይለውም።»

«ሟች ምን ደስ እንደሚለው ለእኔ ትነግረኛለህ?»

አንዲት ወጣት ተዋናይት ሳቋን በእጇ አፈነች፤ ቀልድ መስሏት ነው። እማዬ ጽሑፉን ገለጠችና «ልጄ፣ በልተሃል?» የሚለውን አነበበች። መካከለኛው «ወንድሜ ሳይመጣ እንዴት ይበላልኛል፣ እናቴ?» አለ። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው። እንባ አቀረረ። አዘጋጁ እርሳሱን ከአፉ አወጣና «እንዲህ ነው!» አለ።

ትታ መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። እሷ ብትሄድ ሌላ እናት ያመጣሉ፤ ያቺ ደግሞ የሚጠየቀውን ጥያቄ አታውቀውም። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ እሷ ግን በሕይወት የቀረ ሰው አንድ ሥራ ይቀረዋል ትል ነበር።

የመክፈቻው ዕለት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እማዬ ከልማዷ ወደ መጋረጃው ሄደች። መጋረጃው ታጥቧል፤ ቀዳዳዋን የደፈናት የለም። አየች። ፊተኛው ረድፍ ሞልቷል። መሃል ላይ አዲሱ ባለሥልጣን፣ ከጎኑ የሃይማኖት አባት፣ ጉልበትና ጉልበታቸው ሊነካካ ተቀምጠዋል። ጫፍ ላይ የማታውቀው ሰው እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘርግቷል። በድሮው ደንብ ከሆነ ዛሬ የቢሮው ቀን ነው። እጅ እግሯ ሁሉ «በልተሃል በይ» አላት። ወንድሟ ያስለመደው ሰውነት እንዲህ ነው፤ ፍርሃቱንም አብሮ አስለምዶታል።

ትርኢቱ ሄደ። ቁልፍ ያዡ ወጣ፣ ወረደ። የቁልፍ ያዡን ልብስ ያለፈው መንግሥት ሹማምንት ይለብሱት በነበረው ቀለም አሰፍተውለታል፤ ፊተኛው ረድፍ በሳቅ ፈረሰ። ትንሹ ልጅ ተወሰደ። ትዕይንቱ ደረሰ። መካከለኛው ገበታው ፊት ቆሟል፤ ፊቱ ተቀብቶ ልጅ መስሏል፤ እንባውም ዓይኑ ጠርዝ ላይ ተዘጋጅቷል። እማዬ ትንሿን ሳህን ይዛ ገባች። እንደ ሕጉ ከጀርባው ዞራ አጠገቡ ቆመች። አላቆየችም። ሰው ቢያስብበት አይሆንም፤ ወንድሟ እንዳለው ነው።

«ልጄ፣ ለማን ነገርክ?»

«ለቁልፍ ያዡ ነገርኩት፣ እናቴ» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ዓይኑ የፈጠጠው። የሥራ አስኪያጁ ሰፊ ድምፅ አልነበረም፤ የዚያ የዓይን አፋሩ ልጅ ቀጭን ድምፅ ነበር። ሊያቆም ፈለገ፤ ግን የተጠና ነገር ቁልቁለት ነው፤ አንዴ ከጀመሩት አያስቆምም። «ወንድሜ ሊወጣ ነው አልኩት። አልመታኝም። አላስፈራራኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጥ አለኝ። በዚህ ቤት ውስጥ ተቀመጥ ተብዬ አላውቅም ነበር።»

እዚህ ላይ ያበቃል። የወንድሟ ጽሑፍ እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። መካከለኛው ግን አላበቃም።

«ሻይ አዘዘልኝ» አለ። «ስኳሩን ራሱ አማሰለልኝ።»

ሻይ ተውኔቱ ውስጥ የለም። ወንድሟ ሻይ አልጻፈም። እማዬ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ይህን ሁሉ ዘመን ስትፈልገው የኖረችው ይህን ነበር፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ። ስትሰማው ይወጣላታል ብላ የጠበቀችው ነገር አልወጣም። እዚያው ቁጭ አለ፤ ይልቁንም ከበደ።

መብራት የሚያበራው ሰው የሚያውቀው የቢሮውን ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ አበራ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ድምፀ ጎርናና ሽማግሌም የሚያውቀው መውረድ ብቻ ነው፤ ወረደ። ትንሹን ልጅ ይዞ መጣ። ነገሩ እንደተለወጠ የገባው ደረጃው መሃል ላይ ሲደርስ ነው፤ የመድረክ ሰው ነውና አልደነገጠም። መካከለኛውን ትከሻውን ይዞ ወደ ደረቱ አስጠጋው። አቀፈው። ይቅር አለው። አዳራሹ ብድግ አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ መካከለኛው ክንዷን ጨበጣት።

«ምን አደረግሽኝ፣ እማዬ?»

«ጠየቅሁህ። መለስክልኝ።»

ሌላ ለመባባል ጊዜ አላገኙም። ባለሥልጣኑ እጁን ዘርግቶ መጣ። «ድንቅ ነው! ያለፈውን ሥርዓት ባንዳ እንዲህ ራቁቱን ሲያወጣው ያየሁት ዛሬ ነው። ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሊጫወቱት መድፈርዎ!» የሃይማኖት አባትም ከኋላው ቀረብ ብለው «ንስሐ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ይሁዳ ቢመለስ ኖሮ ይኸው እንዲህ ይታቀፍ ነበር። እንዳትቀይሩት።»

መካከለኛው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ እማዬ ቆማ አየችው።

«አዎን» አለ በመጨረሻ። «ለብዙ ጊዜ አስቤበት ነበር።»

አልቀየሩትም። ንግግሩ ተጻፈ፤ ሻዩም አብሮ ተጻፈ። በየእሁዱ እማዬ ትጠይቃለች፤ በየእሁዱ እሱ ይመልሳል። በሁለተኛው እሁድ ከ«ተቀመጥ አለኝ» በኋላ ትንሽ ዝምታ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ሻዩን ሲያማስል በጣቱ አየሩን ማዞር ጀመረ፤ ከኋላ ያሉት እንዲያዩት ቀስ አድርጎ። ዝናው ወጣ። ሰው ከሌላ ከተማ ድረስ መጥቶ ያለቅስለት ጀመር። «አንድ ሰው የሌላውን ኃጢአት እንዲህ አድርጎ መሸከሙ!» ይላሉ ሲወጡ። አባት በየእሁዱ ያቅፈዋል። በየእሁዱ ይቅር ይባላል። ይቅር ይበለው አይበለው ብሎ እማዬን የጠየቃት ግን የለም።

በመጀመሪያው እሁድ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ እያማረበት ሄደ፤ ያማረበት ያህልም እየራቀ ሄደ። እማዬ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን በሙሉ ያልወለደቻቸውን ልጆች ስታለቅስ የኖረች ናት። በእጇ ያለው አንድ እውነተኛ ነገር ነበር፤ ጥያቄዋ። እሱንም ለሰውዬው እንደ ሥራ ዕቃ እያቀበለችው መሆኗን አንድ ቀን ፊቷን ስትቀባ አስተዋለች። ቅባቱን ጠርጋ ጣለችው። በራሷ ፊት ገባች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መካከለኛው ገበታው ፊት ቆሟል። እንባው ተዘጋጅቷል፤ ቀኝ እጁ ሻዩን ለማማሰል ከወገቡ ከፍ ብሎ ይጠብቃል። እማዬ ሳህኑን ይዛ ከጀርባው ዞረች፤ አጠገቡ ቆመች።

«ልጄ» አለችው፣ «በልተሃል?»

እጁ አየር ላይ ቀረ። አፉ ግን አላሳፈረውም። «ወንድሜ ሳይመጣ እንዴት ይበላልኛል፣ እናቴ?» አለ፤ ወንድሟ ያስተማረው ትዕዛዝ አሁንም ይሠራል። ከዚያ ዓይኑ ለመናት። እንድትጠይቀው ነበር የሚለምናት፤ እንደ ተራበ ሰው ነበር የሚያያት። አልጠየቀችውም። የትንሹን ልጅ ሳህን ገበታው ላይ ደፍታ፣ መብራቱ ሳይበራ፣ አባትም ሳይወርድ ወጣች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ተቀመጪ አላት። ቆማ ሰማችው። ዕድሜ ነው አላት፤ እረፍት ያስፈልግሻል አላት፤ ባለሥልጣኑ እንግዶች ይዘው መጥተው እንደነበር ነገራት። «አንድ ቃል መርሳትሽ ያን ሁሉ ሰው ምን ያህል እንዳሳዘነ ታውቂያለሽ?»

«አልረሳሁም» አለችው። «አንተም እኮ አልረሳህም ኖሯል። እሱን ማወቄ ይበቃኛል።»

ከልብስ መቀየሪያው ክፍል የወንድሟን ጫማ በጋዜጣ ጠቅልላ ወጣች። በሚቀጥለው እሁድ ሌላ እናት ጠየቀችው። ሰው እንደሚለው ከሆነ ከእሷ ይልቅ አጥርታ ነው የምትጠይቀው፤ እሱም ከመቼውም ይልቅ አሳምሮ ነው የመለሰላት።